«ማባበያ» ነው ወይስ «መደለያ»?

ጥያቄ፦ የሐይቅ ዳር አስተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሐይቅ ከተማ አማርኛ አስተምራለሁ። ባለፈው ወር ከጥቂት ባልደረቦቼ ጋር ሆኜ፣ በሕገ ወጥ መንገድ ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ለሚያስቡ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው የሚታደል ባለ አንድ ገጽ ጽሑፍ ስናዘጋጅ፣ ከዐረፍተ ነገሮቹ አንዱን «ሕገ ወጥ ደላሎች በሚያቀርቡላችሁ ማባበያ አትሸነፉ» ብዬ ጻፍሁት። ጽሑፉ ከመባዛቱ በፊት ለጆሮ እንዴት እንደሚሰማ ለማወቅ ፈልጌ፣ ጎረቤቴ ቤት ቡና በተፈላበት ቀን ለተሰበሰቡት እናቶች አነበብሁላቸው። አወሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ፣ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ያዳምጡ የነበሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለስ አድርገው፣ «ልጄ፣ ማባበያ እኮ ለሚያለቅስ ሕፃን ነው። እኛ ልጆቻችንን ስናባብል ክፉ አስበን ነው እንዴ? ይሄ አንተ የምትለውማ መደለያ ነው» አሉኝ። አጠገባቸው የተቀመጡት እናት ደግሞ «መደለያ ለሹም ነው፤ ለልጆቻችን የተዘረጋው ወጥመድ ነው» ብለው ተቃወሟቸው። ክርክሩ እስከ በረካው ዘለቀ፤ እኔም አስተማሪ ነኝ ባዩ መልስ አጥቼ ወጣሁ።

እስካሁን ሳስተምር «ማባበያ» የሚለውን ቃል ለጥሩም ለክፉም የሚውል፣ ሰውን ወይም እንስሳን ወደ አንድ ነገር ለመሳብ የሚቀርብ ነገር ሁሉ የሚጠራበት ቃል አድርጌ ነበር የምይዘው። የእናቶቹ ቃል ግን አጠራጠረኝ፤ ቃሉን ከእኔ ይልቅ በየቀኑ የሚጠቀሙበት እነርሱ ናቸውና። በማግሥቱ ዓሣ አጥማጆቹ ይሻላሉ ብዬ ወደ ሐይቁ ወረድሁና፣ መንጠቆ ይዞ ከዳር ለተቀመጠ አንድ ልጅ እጁ ላይ ያለውን እያሳየሁ «ይህን መንጠቆው ላይ የምታደርጉትን ነገር ምን ትሉታላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁት። ቀና ብሎ አይቶኝ «ትል» አለኝ። የቀለደብኝ መስሎኝ ጥያቄውን ደገምሁለት፤ እርሱም በጣቶቹ መካከል የሚላወሰውን የመሬት ትል ወደ ዓይኔ አስጠግቶ «ትል ነዋ!» አለኝ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። «ማባበያ» ክፉ ሐሳብ ላለበት ነገር ሊውል ይችላል ወይስ እናቶቹ እንዳሉት የሕፃን ብቻ ነው? ከ«መደለያ»፣ ከ«ማታለያ» እና ከ«ማጥመጃ» የሚለየውስ በምንድን ነው? መንጠቆ ላይ ለሚደረገውስ ነገር ከ«ትል» የተሻለ የአማርኛ ስም የለንምን?

መልስ፦ ሰዋስው ወዳድ፣ ከደሴ

መምህር፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብሁት። ከቃሉ አሠራር ልጀምር፤ ብዙ ጊዜ ክርክሩን የሚያቀለው እርሱ ነውና።

የጠቀሷቸው ቃላት ሁሉ የመሣሪያ ስሞች ናቸው። የመሣሪያ ስም የሚወጣው ከንኡስ አንቀጹ፣ ማለትም እንደ «መክፈት» ካለው የግሱ ስም ሲሆን፣ የመጨረሻው ፊደል ከጥርስ አካባቢ የሚነገር ድምፅ ከሆነ ይለወጣል፤ መክፈት «መክፈቻ»፣ መቁረጥ «መቁረጫ»፣ መያዝ «መያዣ»፣ ማጥመድ «ማጥመጃ» ይሆናል። «ል» ደግሞ ወደ «ይ» ስለሚለወጥ መክፈል «መክፈያ»፣ መስቀል «መስቀያ» ይላል። አሁን ሰውን ለመሳብ የምንጠቀምባቸውን ግሶች ይደርድሯቸው፤ አባበለ፣ ደለለ፣ አታለለ፣ አማለለ፣ ሸነገለ። ሁሉም በ«ለ» የሚያልቁ በመሆናቸው የመሣሪያ ስማቸው ሁሉ በ«ያ» አልቆ ማባበያ፣ መደለያ፣ ማታለያ፣ ማማለያ፣ መሸንገያ ሆነ። ምክንያቱን አልመራመርም፤ ነገር ግን ምላስ ለምለም ሲሆን የሚወጣው ድምፅ ይህ ሳይሆን አይቀርም እያልሁ ለራሴ እስቃለሁ። እንዲህ ቤት ስለሚመቱም ነው አንዱን በሌላው ቦታ ስናስገባ ጆሯችን የማይጎረብጠው።

ትርጉማቸው ግን አንድ አይደለም፤ እናቲቱም በአብዛኛው ትክክል ናቸው እላለሁ። የሚባበል ሰው አስቀድሞ ያዘነ፣ የተከፋ ወይም ያኮረፈ ሰው ነው። ሕፃኑ እናቱ ገበያ ስለ ሄደች ያለቅሳል፤ እኅቱ በጀርባዋ አዝላ እሹሩሩ ትለዋለች፤ አልሆን ሲላት ቁራሽ ዳቦ በማር ቀብታ በእጁ ታስይዘዋለች። ሕፃኑ የጠየቀው እናቱን ነው፣ የተሰጠው ግን ዳቦ ነው። የ«ማባበያ» ዋና ጠባዩ ይህ ይመስለኛል፦ በተጠየቀው ነገር ፈንታ የሚሰጥ ሌላ ነገር መሆኑ። ለዚህም ነው አንድ ሠራተኛ «የደረጃ ዕድገት ጠይቄ የምስክር ወረቀት ለማባበያ ሰጡኝ» ሲል በቃሉ ውስጥ ምሬት የምንሰማው። ወረቀቱ ሐሰተኛ ወረቀት አይደለም፤ ሰጪውም ወንጀለኛ አይደለም፤ የጠየቀው ግን እርሱን አልነበረም። ስለዚህ ቃሉ የሕፃን ብቻ አይደለም፣ ከሕፃኑ የመጣው ምስል ግን አልለቀቀውም።

ደለለ ከዚህ ይለያል። የሚደለለው ሰው ማልቀስ አያስፈልገውም፤ ተረጋግቶ በቤቱ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ደላዩ የሚፈልገው ሐሳቡን እንዲለውጥ፣ «አይሆንም» ያለውን «ይሁን» እንዲል ነው። ስለ «ማታለያ» ብዙ መናገር አያሻም፤ በሐሰት ላይ ይቆማል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሌላኛዋ እናት የጠሩት «ወጥመድ» ከ«ጠመደ» የወጣ ስም ነው። በፊተኛው ፊደል ይሆን የነበረው «መ» ወደ «ወ» የተለወጠው በግሱ ውስጥ ሌላ የከንፈር ድምፅ ስላለ ነው፤ መንበር «ወንበር» እንደ ሆነ፣ ከሰፋ «ወስፌ»፣ ከነፋ «ወንፊት» እንደ ወጣ። «ጠመደ» ራሱ ክፉ ግስ አይደለም፤ ገበሬ በሬውን የሚጠምደው ሊያርስበት ነው፤ በወንጌልም ሐዋርያት «ሰዎችን አጥማጆች» እንደሚሆኑ ተነግሯቸዋል። ሰው «ጠመደኝ» ሲል ግን ነገሩ ይለወጣል።

መልስ፦ የሰኞ ገበያ ልጅ፣ ከባቲ

የተከበሩ መምህር፣ ስለ ልጆቻችን በማሰብዎ አላህ ይስጥዎት። ሆኖም በጽሑፍዎ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ እርሱም «ማባበያ» የሚለው ቃል ሳይሆን «ደላላ» የሚለው ቃል ነው።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በባቲ የሰኞ ገበያ በከብት ድለላ ያሳደገን ሰው ነው። ግመል ይዞ ከአፋር የወጣው ነጋዴና ከደጋ የመጣው ገዢ አይተዋወቁም፤ ቋንቋቸውም ላይገናኝ ይችላል። አባቴ በመካከል ሆኖ ዋጋ ያስማማል፤ እንስሳው የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ የሚጠየቀው እርሱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰውና ልጆችን በበረሃ እየነዳ ለአጋች የሚያስረክበውን ሰው በአንድ ስም መጥራት ከባድ በደል ነው። «ደላላ» የመጣው ከ«ደለለ» ነው እያሉ የሚቀልዱብንን ሰዎች ሳንወድ ለምደናቸዋል፤ ከሰዋስው ወዳዱ ወንድማችን ዝርዝር በኋላ ግን ቀልዱ እውነት እንዳይመስል ፈራሁ።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ ከገበያ ሁለት ነገር ልንገርዎት። በርበሬ የምትሸጥ ሴት ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ በእፍኟ ጨምራ የምትሰጠው ምራቂ ይባላል። ይህን ማባበያ ነው የሚል ሰው ገበያ አያውቅም፤ ምራቂ የሚሰጠው ዋጋው ካለቀ፣ ገንዘቡ ከተቆጠረ በኋላ ነው። ሂሳቡ ሳያልቅ፣ ገዢው ገና እያመነታ ሳለ «ይችን ቅመም በነፃ ውሰጂ» ብላ ብትዘግንላት ግን ያ መደለያ ነው። በእጅ ያለው እፍኝ አንድ ሲሆን ስሙን የሚለውጠው ሰዓቱ ነው።

ሁለተኛው በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የደላላ ልጅ ነኝ ብዬ ማንንም ሳላማክር፣ ጎኑ ሞልቶ ቆዳው የተወጠረ ወይፈን ገዝቼ ወደ ቤት ነዳሁ። በማግሥቱ ጠዋት ጎድኑ ተቆጠረ። ሻጩ ሌሊቱን ጨው አስልሶት፣ ንጋት ላይ ውኃ እስኪጠግብ አጠጥቶት ነበር የወጣው። አባቴ ጎኑን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ውኃ ገዝተሃል» አለኝና ወደ ሶላቱ ሄደ። እዚህ ላይ ጨውና ውኃው ማታለያ እንጂ ማባበያም መደለያም ሊባል አይችልም፤ ለእኔ የተሰጠኝ ነገር የለምና። ማባበያና መደለያ ሲባል ቢያንስ በእጅ የሚጨበጥ ወይም በጆሮ የሚገባ አንድ ነገር ለተቀባዩ መሰጠት አለበት ብዬ አምናለሁ።

መልስ፦ ሰዋስው ወዳድ፣ ከደሴ

የባቲው ወንድሜ፣ አብሽር፤ ሰዋስው ከአባትህ ጎን ነው የሚቆመው። «ደላላ» ከዐረብኛ የገባ ቃል ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ ሥሩ ማመልከትን፣ መንገድ ማሳየትን ይናገራል፤ ደላላ ማለትም ሻጭን ለገዢ የሚያመለክት ሰው ነው። ከአማርኛው «ደለለ» ቢወጣ ኖሮ ባለቤቱ የሚጠራው «ደላይ» ተብሎ ነበር፤ ከፈለ «ከፋይ»፣ ሰቀለ «ሰቃይ»፣ አታለለ «አታላይ»፣ አባበለ «አባባይ» እንደሚል። በቀደመው መልሴ «ደላዩ» ያልሁትም በዚህ ምክንያት ነበር። ችግሩ ያለው «ድለላ» ላይ ነው፤ ይህ ስም የደላላውንም ሥራ የደላዩንም ሥራ እኩል ስለሚያገለግል ሰው ሁለቱን ማምታታቱ አያስደንቅም።

መምህር ሆይ፣ የወንድማችን ቅሬታ ሚዛን የሚደፋ ስለሆነ «ሕገ ወጥ ደላሎች» የሚለውን «ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ የሚያሻግሩ» ብለው ቢለውጡት መልካም ነው። የምራቂውን ምሳሌ ደግሞ፣ በእርስዎ ፈቃድ፣ እኔም ክፍል ውስጥ እወስደዋለሁ።

መልስ፦ ንብ አርቢ፣ ከወረኢሉ

እኔ የምጨምረው ስለ ሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ ስለ ትሉ። ዓሣ አጥማጁ ልጅ አልቀለደብዎትም። የእኛ አማርኛ ለመያዣው ብዙ ስም አለው፤ ወጥመድ፣ አሽክላ፣ መረብ፣ መንጠቆ እያለ ይቆጥራል። እንስሳውን ለመሳብ የሚቀርበውን ነገር ግን በአብዛኛው በገዛ ስሙ ነው የሚጠራው። ልጆች ሳለን ከፈረስ ጭራ ላይ ፀጉር ነቅለን፣ እየገመድን፣ እያሰርን አሽክላ እንሠራ ነበር። ፀጉሩ ከደረቀ ቋጠሮው ስለማይሸመቅቅ በምራቃችን እያራስን እናለሰልሰዋለን። ከዚያ መሬቱን ጠረግ አድርገን፣ አሽክላውን በችካል ተክለን፣ ዙሪያውን ማሽላ በትነን፣ ቁጥቋጦ ሥር ተኝተን ቆቅ እንጠብቃለን። ማሽላውን «ጥሬ» እንለዋለን እንጂ ማባበያ ብሎ የጠራው አንድም ልጅ አላስታውስም። ጓደኛዬ ማሽላውን ከእናቱ ጎተራ ሰርቆ አምጥቶ፣ ቆቅ ሳይሆን የገዛ ዶሮዋን ይዘንላት የተገረፍነውም በዚያው ጥሬ ምክንያት ነበር።

በንብም እንዲሁ ነው። ባዶ ቀፎ ዛፍ ላይ ከመስቀላችን በፊት ውስጡን በወይራ ወይም በጥንጁት እናጥነዋለን፤ የድሮ ሰም ካለንም እንቀባዋለን። የሚሰደደው መንጋ ሽታውን ተከትሎ ይገባል። ሥራው ጥርት ያለ ማማለል ነው፤ አባቶቻችን ግን «ቀፎውን አጥነነዋል» ብቻ ይላሉ። ንብ አይታለልም ይባላል፤ ቤቱ ካልተስማማው ነገ ጥሎ ይሄዳልና።

«ማባበል» በእንስሳት ዘንድ ሲነገር የሰማሁት በላም ብቻ ነው። ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተቷን ትከለክላለች። ያን ጊዜ የጥጃው ቆዳ ይገፈፍና ገለባ ተሞልቶ ከፊቷ ይቆማል፤ ጨውም ይነሰነስበታል። ላሚቱ ቆዳውን እየላሰች፣ ዓይኗን ከደን ከፈት እያደረገች፣ ወተቷን ታወርዳለች። አያቴ ይህን ሲያደርጉ «አባብዬ ልለባት» ይሉ ነበር። የደሴው ጸሐፊ ያለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል፤ ያዘነች ናት፤ የምትፈልገው ጥጃዋን ነው፤ የተሰጣት ገለባ ነው። በዚህ ምክንያት እናቲቱ «ማባበል ክፉ አይደለም» ማለታቸውን በግማሽ ብቻ ነው የምቀበላቸው። ወተቱን የጠጣነው እኛ ነን።

ስለ ዓሣ ከተነሣ፣ ሐይቅ ላይ መንጠቆው ጥቂት፣ መረቡ ብዙ የሆነው በከንቱ አይመስለኝም። ቆሮሶ በአመዛኙ ውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ አረንጓዴ አልጌ ስለሚመገብ በመረብ ነው የሚያዘው፤ ሥጋና ትል የሚከተለው አምባዛ ነው። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለውም ተረታችን በእጁ እየጎረጎረ የሚፈልገውን ሰው እንጂ ትል ሰክቶ የሚጠብቀውን አያነሣም። በመንጠቆ ብዙ ያልኖረ ሕዝብ ለመንጠቆው ትል የተለየ ስም ባያወጣ አልፈርድበትም። መጽሐፍ ላይ «ማጥመጃ» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን መንጠቆውም መረቡም ያው ማጥመጃ ስለሚባሉ አንባቢ ይምታታል። ግድ ካለብዎ «የመንጠቆ ምግብ» ይበሉት፤ ማንም ይረዳዋል።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ፣ ከኮምቦልቻ

በአጭሩ ልግባ። «መደለያ ለሹም ነው» ያሉት እናትም መሠረት አላቸው፤ በተለምዶ ለባለሥልጣን የሚሰጠውን ነገር በለሰለሰ አነጋገር መደለያ እንለዋለን። ሕጉ ግን ይህን ቃል ትቶ በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ውስጥ «ጉቦ» ብሎ በቀጥታ ይጠራዋል። «እጅ መንሻ» በጥንቱ ሥርዓት በግልጽ፣ በአደባባይ ለጌታ የሚቀርብ የአክብሮት ስጦታ ነበር። «ማማለጃ» ደግሞ ከአማላጅ የመጣ ቃል ሆኖ ሳለ ከጊዜ ጋር ወደ ጉቦ ተጠግቷል። መልካም ቃላት ወደዚህ መንደር ሲሰደዱ ማየት የሙያዬ አንዱ ትካዜ ነው።

ለጽሑፍዎ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው። ሰውን ስለ መነገድና በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ስለ ማሻገር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰውን በማታለል፣ በኃይል ወይም ችግሩን መጠቀሚያ በማድረግ ለብዝበዛ ማዋልንም፣ በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርንም ይከለክላል። እነዚህ ሰዎች ለልጆቹ የሚሉትን እናውቃለን፤ «አሁን ምንም አትከፍሉም፤ ስትደርሱ ሠርታችሁ ትከፍላላችሁ» ይላሉ። ከዚያ መንገድ ላይ ልጁ ተይዞ ስልክ ይደወልና ቤተሰቡ በሬ ሸጦ ይልካል። በገበያ አነጋገር ዱቤ መስሎ የቀረበ ማገቻ ነው። ይህን በአንድ ቃል ከመጥራት ይልቅ ነገሩን ራሱን ቢጽፉት ይሻላል፤ ልጁ «ማባበያ» የሚለውን ቃል አንብቦ ያልፈዋል፣ «አሁን ምንም አትከፍሉም» የሚለውን ግን በጆሮው ሰምቶት ሊሆን ስለሚችል ቆም ይላል።

ምላሽ፦ የሐይቅ ዳር አስተማሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያልኋችሁን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ከጻፍሁና ከሰረዝሁ በኋላ አሁን እንዲህ ሆኗል፦ «ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ የሚያሻግሩ ሰዎች ‹አሁን ምንም አትከፍሉም› ሲሏችሁ መደለያ መሆኑን ዕወቁ፤ ሂሳቡ መንገድ ላይ ከወላጆቻችሁ ይጠየቃልና።» «ማታለያ» ለማለት ቃጥቶኝ ነበር፤ ነገር ግን የባቲው ወንድሜ እንዳለው ለተቀባዩ የሚሰጥ ነገር አለ፤ ጉዞው በእርግጥ በዱቤ ነው። ልጁም ተረጋግቶ በቤቱ ተቀምጦ የነበረ እንጂ ሲያለቅስ የተገኘ አይደለም።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወደዚያው ቡና ሄጄ ለእናቲቱ አነበብሁላቸው። «መደለያ» ላይ ሲደርስ አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በረካው ሲቀዳ ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «‹ሂሳቡ› አትበል፤ በሬው በል» አሉኝ። ለማተም ነገ ጠዋት እልከዋለሁ፤ በሬው ብዬ አስተካክዬዋለሁ።